ከኋላ የሚነበበው መጽሐፍ

ማክሰኞ፣ 9ኛ ቀን

ስማ፣ ፖዝ ጫማህ ውስጥ ሸናችበት። የሥራውን ነው፣ ቡናማውን። አልጋ ሥር የወረወርከው አንተ ራስህ ነህ፣ እኔን እንዳትል። አጥቤ መስኮት ላይ አስጥቼዋለሁ፤ ሽታው ግን በቀላሉ የሚለቅ አይመስለኝም። ስትመጣ እንዳትጮህብኝ።

ስትመጣ ብዬ ጻፍኩ። ልሰርዘው ነበር፣ ተውኩት።

የምጽፈው በልኬት ደብተርህ ላይ ነው። ፊት ያሉት ገጾች ላይ የቁም ሣጥንና የአልጋ ቁጥሮችህ አሉ፤ እኔ ከመሃል ጀመርኩ። ቀኑን የምቆጥረው ከዚያ እሑድ ጀምሮ ነው። ሌላ አቆጣጠር ጭንቅላቴ ውስጥ አልገባ ብሎኛል።

እማዬ ሳሎን ናት። ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ የሥራ ጓደኞቿ በየተራ እየመጡ አብረዋት ይቀመጣሉ። አንዷ ሃያ አንድ ዓመት ምን ዕድሜ ነው ትላለች፤ ሌላዋ አስም እንዲህ ያደርጋል ብሎ ማን ያስባል ትላለች፤ ዝም ይሉና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። እኔ በሩን ዘግቼ ፖዝን ብርድ ልብስ ውስጥ ይዣታለሁ። እማዬ ሳታውቅ ሰባት ወር እዚህ ክፍል ውስጥ ያኖርናት ድመት ዛሬ ብትጮህ ምን ብዬ እመልሳለሁ?

ነገ አጎቴ ሊመጣ ነው። አልጋህ ላይ የሚተኛው እሱ ነው። ልጁን ብቻውን አንተወውም ብለው ወስነዋል። ልጁ እኔ ነኝ። ስለዚህ ፖዝ ነገ ጠዋት ጣሪያ ላይ ወዳለችው የዕቃ ክፍል ትወጣለች።

ረቡዕ፣ 10ኛ ቀን

ወጣች። በትምህርት ቤት ቦርሳዬ ነው የወሰድኳት። ደረጃው ላይ ሁለቴ ጮኸች፤ ድምፁ የእኔ እንዲመስል ሳልኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ሴትዮ በራቸውን ከፍተው አዩኝና አንተም ጀመረህ እንዴ አሉኝ።

የሰጋቱራ ሣጥኗንም አውጥቻለሁ። ሰጋቱራው ሊያልቅ ነው። ከአንተ አናጢ ቤት ሌላ ከየት እንደሚገኝ አላውቅም።

አጎቴ ያንኮራፋል። አንተ ስትተኛ የምታሰማት ፉጨት ትሻል ነበር።

ቅዳሜ፣ 13ኛ ቀን

ዛሬ ሳቅኩ።

አጎቴ ገላውን ሊታጠብ ሲገባ የማንጋችንን፣ የጃፓኑን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ፣ ሁለተኛ ቅጽ አወጣሁ። አንድ ገጽ ብቻ ላይ ብዬ ነበር። ያቺ ጌም እየሞከረች የምትኖረዋ ልጅ የመጨረሻውን ጠላት ልትጥል ሦስት ሳምንት ለፍታ፣ አንድ ምት ብቻ ሲቀራት፣ ወፍራሙ ድመት እየተንጎራደደ መጥቶ ቂጡን ማጥፊያው ላይ የሚያሳርፍበት ቦታ። ጌም ማጫወቻው የተገዛው መኝታ እንዲሆነው እንደሆነ በሙሉ ልቡ ያምናል እኮ። ቀጭኗ ድመት ደግሞ ከመጋረጃ ኋላ ሆና የልጅቷን ፊት ታያለች። ያቺን ፊት ሳያት ሳቄ አመለጠኝ።

ከዚያ ቀና ስል አንተ የለህም።

ይህን ማንጋ ብቻዬን አንብቤው አላውቅም። አንተ ጆይስቲክህን ይዘህ አልጋ ላይ ትጋደማለህ፣ እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ከእንግሊዝኛው እየመለስኩ አነብልሃለሁ። ቀልዱ ካልገባኝ ከራሴ ፈጥሬ እጨምር ነበር። አንድ ቀን መጽሐፉን ነጥቀኸኝ፣ "እዚህ ጋ ያለው አንድ መስመር ነው፤ አቶ ተርጓሚ ግን ሦስት ደቂቃ አወሩ" አልከኝ። አውቀህ ነበር የምትስቀው ማለት ነው።

ድመት ያማረኝም ከዚህ መጽሐፍ ነው። ፖዝን ከትምህርት ቤት አጥር ሥር አንስቼ በሹራቤ ጠቅልዬ ሳመጣት፣ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ጆይስቲክህ ላይ ወጥታ፣ ፖዝ የሚለውን ቁልፍ ረግጣ፣ አንተ ስታሸንፍ የነበረውን ጨዋታ ማቆም ነበር። ስሟን ያወጣህላት አንተ ነህ። ያመጣኋት ግን እኔ ነኝ። ይህ መረሳት የለበትም።

አጎቴ ከመታጠቢያ ቤት ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ከሚስቱ ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። "ልጁ ይስቃል እኮ። ብቻውን። መጽሐፉንም ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚያነበው። በዓይኔ አይቻለሁ።"

ከዚህ በኋላ ስስቅ ትራስ አፌ ላይ አደርጋለሁ። ባልስቅ ይሻላል።

ሰባተኛውን ቅጽ አልነካሁትም። መደርደሪያው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ።

ሰኞ፣ 15ኛ ቀን

ትምህርት ቤት። ሁሉም በሹክሹክታ። አስተማሪዎቹ እንደ ብርጭቆ ይይዙኛል።

ጎኔ የሚቀመጠው፣ ፎቶኮፒ የምንለው ልጅ ብቻ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ወደ ደብተሬ አጎነበሰ። የሒሳቡን አልሠራሁም አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ ግድ የለም፣ ዛሬ የራሴን ስህተት እሠራለሁ አለ።

ለፖዝ ዳቦ ይዤ ሮጥኩ። አጎቴ ደረጃ ላይ አገኘኝ። የት ነበርክ? ንፋስ ልቀበል። ንፋሱ ታች የለም?

ረቡዕ፣ 17ኛ ቀን

እንቅልፍ የለም። አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ከሁለት ወር በፊት ጤና ጣቢያ የሄድን ቀን ነው። ያ እንደ ጭስ የሚተን መድኃኒት ያለበት ጭንብል ፊትህ ላይ ነበር፣ መናገር አትችልም። ሲስተሯ ካርድህን እየሞላች ነው። ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ አለ? የለም፣ አለች እማዬ። ምንጣፍ አለ? የለም። እንስሳስ? ድመት፣ ውሻ?

እማዬ አልመለሰችም። ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ለምን እኔን እንዳየች አላውቅም፣ ደክሟት ይሆናል። እኔ ሳላስበው፣ "የለም" አልኩ።

ሲስተሯ ጻፈች። አንተ ከጭንብሉ በላይ በዓይንህ ሳቅክብኝ።

ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሐኪሞቹ ሁሉ የሚያዩት እኔ የሞላሁትን ካርድ ነው። የሌለ ነገር ሲያክሙ ከረሙ። ድመቷን ያመጣኋት እኔ፣ የለችም ያልኩትም እኔ።

ሦስተኛው ቅጽ ላይ የልጅቷ አለቃ ሊጠይቃት መጥቶ በድመቶቹ የተነሳ ሃያ ሰባት ጊዜ ያነጥሳል። ዓይኑ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ መሬት ላይ ሲዘረር ወፍራሙ ሄዶ ደረቱ ላይ ይቀመጣል። እስክታስል ድረስ ስቀህ ነበር። እኔም ስቄያለሁ።

ለእማዬ መንገር አለብኝ። ብነግራት ግን ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጋ ታየኛለች? የቀራት ልጅ እኔ ነኝ። ነግሬያት እኔንም ብታጣኝስ? ሳልነግራትስ በየቀኑ እንዴት ዳቦ ቆርሳ ትሰጠኛለች?

ነገ እነግራታለሁ።

ሐሙስ፣ 18ኛ ቀን

አልነገርኳትም። ራሷን አሟት ነበር።

ቅዳሜ፣ 20ኛ ቀን

የአናጢ ቤቱ አለቃህ መጣ። የምሳ ሳህንህን፣ ሜትርህንና ጆሮህ ላይ የምትሰካትን እርሳስ በላስቲክ አድርጎ አመጣ። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ወንበራችን ላይ ጫፉን ይዞ ተቀመጠ። እጁ እንዲህ ረጋ ያለ ልጅ አላየሁም አለ ስለ አንተ። እማዬ ይህን ሁለቴ አስደገመችው።

ሲነሳ ከበር ውጭ ትቶት የነበረውን ጆንያ አስገባ። "ይቺ ደግሞ ለድመታችሁ ናት። ዓርብ ዓርብ ደቃቁን ሰጋቱራ እየነፋ ይወስድላት ነበር።"

ወደ እማዬ አየሁ።

አጎቴ፣ "የምን ድመት?" አለ።

እማዬ ጆንያውን ተቀበለችው፣ አመሰገነችው፣ በሩ ኋላ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞር ብላ ለእንግዳው ሻይ ቀዳህለት ወይ ብላ ጠየቀችው። ሰውዬው ቆሞ ጫማውን እያሰረ ነበር እኮ።

አልሰማችም። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው የሚነገረውን ግማሹን አይሰማም ይባላል። ሰምታ ቢሆን ትጠይቅ ነበር።

ማምሻውን ጆንያውን ልወስድ ስሄድ በሩ ኋላ የለም። ጣሪያ ላይ፣ የዕቃ ክፍሉ በር ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። አጎቴ ሳሎኑን ሲያጸዳ አውጥቶት መሆን አለበት።

እሑድ፣ 21ኛ ቀን

ሦስት ሳምንት።

ፖዝ ትከሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እንዲያውም ወፍራለች። የምሰጣት ደረቅ ዳቦ ነው። አይጥ እየያዘች ይሆናል። ጠዋት ሣህኗ ሥር ሩዝ አገኘሁ፤ አይጥ ሩዝ ይዞ አይመጣም መቼም። ከጎረቤቶቹ አንዱ አይቷት ይሆን? ለእማዬ ቢነግራትስ?

ሰባተኛው ቅጽ እዚያው ግድግዳውን እያየ ነው።

ረቡዕ፣ 24ኛ ቀን

አጎቴ ዛሬ መረመረኝ። ሌላ ስም የለውም።

ጋዜጣ ይዞ መጣና እስቲ ይቺን አንብብልኝ፣ መነጽሬን ረስቼ ነው አለ። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነበር። ከላይ ጀምሬ አነበብኩለት። ጥሩ፣ አለ፣ ይሄን ከፊት ታነባለህ፤ ያን የድመት መጽሐፍህን ታዲያ ለምንድን ነው ከኋላ የምታነበው?

እንዲህ ነው የሚነበበው አልኩት።

"ማን ነው ያለህ?"

"ወንድሜ።"

አየኝ። ጋዜጣውን በአራት አጠፈው። ከዚያ እጁን ራሴ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ። መጀመሪያ የገዛኸውና እንዴት እንደሚያዝ ያሳየኸኝ አንተ ነህ ማለቴ ነበር። እሱ ግን አሁን የምታናግረኝ መሰለው።

ኮሪደር ላይ ለእማዬ ሲነግራት ሰማሁ፤ ዓርብ ጤና ጣቢያ ይዤው እሄዳለሁ፣ ይታይ፣ ሳይብስ። እማዬ ነውሩ ሳቁ ነው ወይስ ንባቡ አለችው። ሁለቱም፣ አለ።

ጤና ጣቢያ። ያቺው ሲስተር ትኖራለች። ራቴን አልበላሁም። አሞኛል ብል ያው ወደዚያው ነው የሚወስደኝ።

ዓርብ፣ 26ኛ ቀን

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጽፈው ነው።

ያቺው ሲስተር ነበረች። አጎቴ ሁለተኛውን ቅጽ በላስቲክ ጠቅልሎ እንደ ማስረጃ ይዞ መጥቷል። ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሲስተር፣ ይሄ ልጅ ወንድሙን ካጣ ወዲህ መጽሐፍ ከኋላ ወደ ፊት ያነባል። ይስቃልም" አላት።

ሲስተሯ ከኋላ ገለጠችው። አንድ ገጽ አየች፣ ሁለተኛ ጨመረች። ከንፈሯን ነክሳ ስታበቃ፣ መጽሐፉ ሲሠራም እንዲህ ተደርጎ ነው የተሠራው አለችው።

"እንግዲያው የሠራው ሰውም ይታይ" አለ አጎቴ።

ውጭ እንዲጠብቅ ነገረችው። በሩ ሲዘጋ መጽሐፉን ወደ እኔ ገፋ አደረገችና፣ "ይሄ አይደለም ያስጨነቀህ። ንገረኝ" አለች።

ነገርኳት። ድመቷን፣ የለም ማለቴን፣ ሰጋቱራውን፣ ሁሉንም። እያየኋት አልነበረም፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእጅ አስተጣጠብ ሥዕል እያየሁ ነው ያወራሁት። ስጨርስ ተነስታ ወጣች። አለቀልኝ ብዬ ነበር። ካርድህን ይዛ ተመለሰች።

እንስሳ ከሚለው ጎን የለም ተብሎ ተጽፎ፣ በላዩ አንድ መስመር ተሰምሮበታል። ከሥሩ በራሷ ጽሑፍ፦ ድመት አለ። ታካሚው ራሱ መጥቶ ተናገረ። ቀኑን አየሁት። እኔ ከዋሸሁ ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

በምሳ ሰዓት፣ በሥራ ልብስህ፣ ፀጉርህ ሰጋቱራ እንደለበሰ መጣህ አለችኝ። "ታናሼ ዋሽቶሻል፣ እንዳትቆጪው" አልካት። ድመቷ ከመኝታ ክፍል ትውጣ፣ ሰጋቱራውም አይግባ፣ ስትል ነገረችህ። እንዲህ ብለህ መለስክ አለች፤ ቃል በቃል ነው የምጽፈው። "ካስወጣኋት ለምን ይለኛል። ለምን እንደሆነ ከነገርኩት ደግሞ ሌሊት ሌሊት እየተነሳ ትንፋሼን ሲያዳምጥ ነው የሚያድረው። መስኮት ከፍቼ እተኛለሁ።"

መስኮቱ። አልጋህን ወደ መስኮቱ የጎተትክ ሰሞን፣ ሞቀኝ ነበር የምትለው። እኔ ብርድ ነው እላለሁ። እንቅልፍ ሲወስድህ እየተነሳሁ እዘጋው ነበር።

ድመቷ ናት ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ሲስተሯ ካርዱን አጠፈችው። "ጉንፋን ነበረው። የሥራ ቦታው አቧራማ ነው። ድመት ነበረች። መድኃኒቱን ሲሻለው ይተወው ነበር። ከእነዚህ አንዱን ነጥዬ ይሄ ነው ብልህ፣ አሁን ደግሞ እኔ መዋሸቴ ነው።"

ቀለል ሊለኝ ይገባ ነበር። ለደቂቃም ብሎኛል። በሩ ላይ ደርሼ ተመለስኩ።

"ሲስተር፣ አርባ ሰከንድ ብዙ ነው?"

"ለምን ጠየቅክ?"

"እንዲሁ።"

አየችኝ። "እኔ አንድ መርፌ ቀድቼ እስክጨርስ ከዚያ ይበልጣል" አለች። ሌላም ነገር ልትጨምር ነበር፤ አጎቴ ራሱን አስገባ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አጎቴ መጽሐፉን ከኋላ ገልጦ ሥዕሉን ሲያይ ቆየ። ሁለት ፌርማታ ካለፍን በኋላ፣ ይሄ ወፍራም ድመት ግን ለምን ተነስ አይባልም አለኝ።

ቅዳሜ፣ 27ኛ ቀን

የሚከብደኝ የለም ያልኩት አይደለም። የለም ያልኩትን አንተ አስተካክለኸዋል።

እንግዲህ የቀረው ያ አርባ ሰከንድ ነው።

ሰኞ፣ 29ኛ ቀን

እማዬ የታጠበ ልብስ እያጠፈች ነበር። አጎቴ ዕቃውን ሊያይ ቤቱ ሄዶ ሁለታችን ብቻ ነበርን። አጠገቧ ተቀምጬ ካልሲ ማጣመድ ጀመርኩ፤ እጄ ሥራ ሲይዝ አፌ ይፈታ ይሆናል ብዬ።

እማዬ፣ ድመት አለች አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። ፎጣውን አጥፋ አስቀመጠች። "ሹራብህ ላይ ያለውን ፀጉር የራስህ ነው ብዬ የማስብ መሰለህ? በቀን ሦስት መቶ አንሶላ የማይ ሴት እኮ ነኝ።"

ፖዝ ከመጣች ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ታውቅ ነበር። ሰጋቱራውንም ጣሪያ ያወጣችው እሷ ናት፤ ሩዙም የእሷ ነው። እኔ ከትምህርት ቤት ከመምጣቴ በፊት ትወጣለች፣ እኔ ከመጣሁ በኋላ እወጣለሁ። አንዲት ድመት ሁለት ራት እየበላች ነው የከረመችው።

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኳት።

ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ሳቃችንን ትሰማ ነበር። ድመቷን ካነሳች የሚቆም መሰላት። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። "ጤና ጣቢያ ሲስተሯ ስትጠይቅ ዞሬ ያየሁህ እንድትናገር ነው። የለም ስትል እኔስ አፍ አልነበረኝም? ያን የለም አብረን ነው ያልነው።"

ይህን ስትል ፎጣውን ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው። ሃያ ዘጠኝ ቀን ሙሉ እሷም ይህንኑ ይዛ ስትዞር ነበር።

ያኔ ነው የነገርኳት። አሁን ለአንተም እጽፈዋለሁ፤ አንተ ነበርክና ታውቀዋለህ።

ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰባተኛውን ቅጽ እያነበብኩልህ ነበር። እንደ ሁልጊዜው መሬት ተቀምጬ፣ ጀርባዬን አልጋህ ላይ አስደግፌ። ፊትህን አላይም። ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ፤ የምትስቅ መሰለኝ። ስትስቅም እንደዚያው ነው፣ መጀመሪያ ይቆራረጣል። ደስ አለኝ። ገጹን ገልጬ ቀጠልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ከራሴም እየጨመርኩ፣ የበለጠ እንድትስቅ። ገጹን እስከ ታች አነበብኩት። ዞር ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው።

በኋላ በስልኬ ለካሁት። ገጹ አርባ ሰከንድ ይፈጃል። ብዙ ጊዜ ነው የለካሁት። አንድ ጊዜ ሠላሳ ስምንት ነበር።

እማዬ አላለቀሰችም። እጇ ላይ የነበረውን ፎጣ አስቀመጠች። ከዚያ፣ "ገጹ ላይ ምን ነበር?" አለችኝ።

"ቀልድ ነው።"

"አንብብልኝ።"

አልችልም አልኳት። መጽሐፉን አምጣው አለች። ሄጄ ከግድግዳው አዞርኩትና አመጣሁት። ገጹ ዝም ብሎ ራሱ ተከፈተ።

ወፍራሙ ድመት ጆይስቲኩ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ልጅቷ ሻይ ልታፈላ ሄዳለች። ጨዋታው ላይ ከየአገሩ የተሰበሰቡ ተጫዋቾች አሉ፤ የእሷ ተዋጊ ግን ሜዳው መሃል ተገትሮ አይንቀሳቀስም። ተቃዋሚዎቹ ይፈራሉ። ለምንድን ነው የማይንቀሳቀሰው? ስልት ነው። እንዲህ የተረጋጋ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔ እጄን ሰጥቻለሁ። እኔም። አንድ በአንድ ሸሽተው ያልቃሉ።

እማዬ በየመስመሩ ታስቆመኛለች። ሌቭል ምንድን ነው? እነዚህ ሰዎች የት ነው ያሉት፣ ቤታቸው? ይሄ ቀስት ለምን ወደዚህ ያመለክታል? እያንዳንዱን አስረዳኋት።

"እና ድመቱ አንደኛ ወጣ?"

"ወጣ።"

"እንደወጣ አያውቅም?"

"ምንም አያውቅም። ተኝቶ ነው።"

መጀመሪያ ትከሻዋ ነው የተንቀጠቀጠው። እየሳቀች ይሁን ሌላ አላወቅኩም፤ ስለዚህ መጽሐፉን ጣልኩትና ፊቷን አየሁ። እየሳቀች ነበር። እንባዋም ይወርዳል፣ ግን እየሳቀች ነበር። ፊቷን ለምን እንዳየሁ ገባት። ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ፣ "ደህና ነኝ፣ እየሳቅኩ ነው" አለችኝ። ከዚያ፣ "እሱም መጀመሪያ ስቆ ይሆናል" አለች። "አናውቅም። ግን ስቆ ይሆናል።"

ያ የአርባ ሰከንድ ገጽ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን።

ዓርብ፣ 33ኛ ቀን

አጎቴ ቤቱ ተመለሰ። ሲሄድ የመጀመሪያውን ቅጽ አውሰኝ አለ፤ ሥዕሉን ነው የማየው ብሎ። ሚስቱ እሱን ደግሞ ማን ጋ እንደምትወስደው እንጃ።

ፖዝን በእጄ አቅፌ በደረጃው አወረድኳት፤ አልሳልኩም። እማዬ ሳሎን ውስጥ ቦታ ሰጠቻት። መኝታ ክፍል እንዳትገባ፣ ይሄ የመጨረሻ ቃሌ ነው አለች። ሰጋቱራውን በአሸዋ ቀየርነው። ጆንያውን ለአለቃህ መለስኩለት፤ ምንም ሳይጠይቅ ተቀበለኝ።

እማዬ ሰኞ ሥራ ትጀምራለች፣ የጠዋቱን ፈረቃ። ብቻዬን ስነሳ እንዴት እንደምሆን አላውቅም። ልሂድ ወይ ብላ ሁለቴ ጠየቀችኝ፤ ሂጂ አልኳት።

ሰኞ፣ 36ኛ ቀን

እማዬ ስትወጣ በሩ ሲዘጋ ሰማሁ፤ መልሼ ተኛሁ። ዓይኔን ስገልጥ ፖዝ ደረቴ ላይ ናት። የመኝታ ክፍሉ ሕግ ሦስት ቀን ነው የቆየው። ቤቱ ጭር ብሏል። ተጋድሜ የራሴን ትንፋሽ አዳመጥኩ፣ ቀጥሎ የእሷን። አልጋህ ተነጥፏል። መስኮቱን ከፈትኩት።

ፊቴን ታጠብኩ። ሻይ ጣድኩ። ስምንተኛውን ቅጽ ይዤ ምድጃው አጠገብ ቆምኩ። አዲስ ነው፣ ከእሱ አንድም ገጽ አላነበብንም። ጮክ ብዬ እየተረጎምኩ ጀመርኩ፤ ሌላ አነባበብ አላውቅበትም። ቀጭኗ ድመት የልጅቷን የጌም ሠራዊት አዛዥ ሆና ወታደሮቹን ሁሉ ዓሣ ፍለጋ አሰማርታቸዋለች። እዚያ ጋ አንድ ጄኔራል የሚለው ነገር አልገባኝም፣ ስለዚህ ከራሴ ጨመርኩለት። የጨመርኩት ራሴን አሳቀኝ። ግድግዳ ተደግፌ ሳቅኩ። ቆም አልኩ፣ ማንም አልመጣም። እንደገና ሳቅኩ። ሻዩ ገንፍሎ ምድጃውን እስኪያጠፋው ድረስ ሰዓት ማየት ትዝ አላለኝም።

ትምህርት ቤት ስደርስ በሩ ተዘግቷል። ዘበኛው ያረፈዱ የሚመዘገቡበትን መዝገብ ይዞ በጥበቃ ቤቱ መስኮት ብቅ አለ። አዲስ ሰው ነው፣ እኔን አያውቀኝም። "እህ፣ አንተስ ምን ልበልህ? መኪና ተበላሸ? ከአንተ በፊት የመጣው አያቱን ለሦስተኛ ጊዜ ቀብሮ ነው።"

እኔ እውነተኛ ቀብር ነበረኝ። ብናገረው ዝም ብሎ በሩን ይከፍትልኝ ነበር፤ ይቅርታም ይጠይቀኝ ነበር። የዛሬው ምክንያት ግን ያ አልነበረም።

"መጽሐፍ ሳነብ ነው፣ ጋሼ" አልኩት።

"የፈተና?"

"አይደለም። ስለ ድመትና ስለ ጌም የሚያወራ ነው።"

እርሳሱን ከመዝገቡ አንስቶ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ያስቃል?"

"ያስቃል።"

እሱ እዚህ በር ላይ ከተቀመጠ ወዲህ አንድ እውነት እንኳ ጽፎ እንደማያውቅ ነገረኝ። ምክንያት በሚለው ሥር ቀስ ብሎ ጻፈ፤ መዝገቡን ወደ እኔ አዞረው። ሲስቅ አረፈደ፣ ይላል።

ፈርም አለኝ። ፈረምኩ።